አይንሃርድ ስለ ሻርለማኝ የጻፈውን መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ

ግዙት። ቅሬታም አለኝ፣ ግን መጀመሪያ ይሄ ይታወቅልኝ።

«የታላቁ ካርል ሕይወት» (ካርል ማለት ሻርለማኝ ነው) ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት በላቲን የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው አይንሃርድ ይባላል፣ የሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ሰው ነው። በእኛ ነገሥታት ዘመን ቢኖር ኖሮ ከጸሐፌ ትእዛዙ ጎን የማይጠፋ ዓይነት ሊቅ። መጽሐፉ 33 አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ነው ያሉት። ከእራት በኋላ ብትጀምሩት ሳትተኙ ትጨርሱታላችሁ። የታሪክ መጽሐፍ ሲባል ጡብ የሚያህል ነገር ለሚታያቸው ሰዎች ይሄ ብቻውን ደስ የሚል ዜና ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሻርለማኝን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ከ768 ጀምሮ የፍራንኮች ንጉሥ ነበር። ዛሬ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ቤልጂየም፣ ሰሜን ጣልያን የምንላቸውን አገሮች ባብዛኛው አንድ ላይ ገዝቷል። በ800 ሮም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ ጫነ። በ814 አኽን ከተማ ሞተ። አውሮፓውያን እስከ ዛሬ የእኔ ነው የእኔ ነው የሚባባሉበት ሰው ነው።

አይንሃርድ የተወለደው በ770 ገደማ ማይን ወንዝ አካባቢ ነው። ፉልዳ ገዳም ተማረ፣ ጉብዝናው ሲታይ አበምኔቱ ወደ ቤተ መንግሥት ላከው። በጣም አጭር ሰው ነበር። ጓደኞቹ ለዚህ ምሕረት አላደረጉለትም፣ አንዱ ባለቅኔ ጭራሽ ከጉንዳን ጋር ያመሳስለዋል፣ ወዲያና ወዲህ የሚሯሯጥ ጉንዳን። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ቅጽል ስም ነበረው። የእሱ ባስልኤል ነው፣ ኦሪት ዘጸአት ላይ የመገናኛውን ድንኳን የሠራው ባለሙያ። እጁም ለግንባታና ለጥበብ ሥራ የሚሆን ነበርና ስሙ ተስማማው። በ806 ንጉሡ መንግሥቱን ለልጆቹ ያከፋፈለበትን ሰነድ ይዞ ወደ ጳጳሱ ወደ ሮም የተላከውም እሱ ነው። ንጉሡ ሲሞት የልጁ የሉዊ አገልጋይ ሆኖ ቀጠለ፣ እስከ 840 ኖረ። ከ20 ዓመት በላይ አንድ ግቢ ውስጥ አብሮት የኖረ ሰው ነው የጻፈው፣ ወሬ ሰምቶ አይደለም።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር ልምጣ። ጥሩው ነገር ከምዕራፍ 18 እስከ 27 ያለው ነው። ገንዘባችሁን የከፈላችሁት ለዚህ ነው።

ምዕራፍ 22 ላይ ንጉሡን ያቆምላችኋል። ረጅም ነው፣ ቁመቱ ሰባት የራሱ እግር ያህል። ክብ ራስ፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ትንሽ ረዘም ያለ አፍንጫ፣ ደስ የሚል ሽበት። አንገቱ አጠር ወፈር ያለ፣ ሆዱም ወጣ ያለ። ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም ለዚያ ግዙፍ ሰውነት የሚመጥን አይደለም። ቆም ብላችሁ አስቡት እስቲ፦ ግማሽ አውሮፓን ያንቀጠቀጠ ሰው፣ አፉን ሲከፍት ቀጭን ድምፅ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ልጁ በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳለ መጻፍ ቀላል አይመስለኝም።

በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ትኩሳት እየተመላለሰበት ይታመም ነበር፣ ኋላ ላይም አንድ እግሩን ማንከስ ጀመረ። ሐኪሞቹ ጥብስ ትተህ ቅቅል ብላ አሉት። በዚህ ምክንያት ሐኪሞቹን ጠላቸው፣ በቃ ጠላቸው ነው የሚለው። ጥብሱንም አልተወም። ሥጋው በሹል ዘንግ እየተሰካ በአዳኞቹ ይቀርብለት ነበር፣ ሌላው ምግብ አራት ዓይነት ብቻ ነው። መጠጥ ላይ ግን ቁጥብ ነበር፣ በአንድ ማዕድ ከሦስት ጊዜ በላይ አይጠጣም፣ ሰካራም ማየትም አይወድም። ጾም ሰውነቴን ይጎዳኛል እያለ ያማርር ነበር። እዚህ ላይ ሳልስቅ ማለፍ አልቻልኩም፣ የማውቃቸው ስንት ሰዎች መጡብኝ መሰላችሁ።

ሲበላ ይነበብለታል። የጥንት ነገሥታት ታሪክ ይወዳል፣ የቅዱስ አውግስጢኖስን መጻሕፍት ይወዳል፣ ከእነሱም «የእግዚአብሔር ከተማ» የተባለውን ይበልጥ። በጋ ላይ ከምሳ በኋላ ፍራፍሬ ይበላና አንዴ ጠጥቶ ልክ እንደ ማታ ልብሱንና ጫማውን አውልቆ ሁለት ሦስት ሰዓት ይተኛል። ማታ ግን እንቅልፍ የለውም፣ አራት አምስት ጊዜ ይነቃል፣ ይነሳል። ጫማውን እያደረገ ሳለ ተከራካሪዎች አስገብቶ ልክ ችሎት እንደተቀመጠ ፍርድ ይሰጣል። አኽን ላይ ቤተ መንግሥቱን የሠራው ለፍል ውኃው ብሎ ነው። ዋና ይወዳል፣ ብቻውን አይደለም የሚዋኘው፣ ልጆቹን፣ መኳንንቱን፣ አንዳንዴም አጃቢዎቹን ሁሉ ይጠራል፣ መቶ ሰውና ከዚያም በላይ አንድ ውኃ ውስጥ።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ምዕራፍ 25 ነው። ይህ ንጉሥ ላቲን እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል፣ ግሪክም ይሰማል፣ ሊቃውንትን ከየአገሩ ይሰበስባል፣ ከእንግሊዝ አልኩዊንን አስመጥቶ ተምሯል። መጻፍ ግን አልሆነለትም። የመጻፊያ ሰሌዳና ብራና አልጋው ላይ ትራሱ ሥር ያስቀምጥ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው አውጥቶ እጁን ፊደል ለማስለመድ። ዘግይቶ ስለጀመረ ብዙም አልተሳካለትም ይላል አይንሃርድ። ያንን ሁሉ ጦርነት ያሸነፈ ሰው ሌሊት ፊደል ሲለማመድ! ስለ ሻርለማኝ ካነበብኳቸው ዘመናዊ መጻሕፍት አንዱም ይህን ያህል አላቀረበልኝም።

ስለ ጦርነቱ ያለው ክፍል፣ ከምዕራፍ 5 እስከ 14 ገደማ፣ ደረቅ ነው። እዚህ ዘመተ፣ እዚያ አሸነፈ፣ ታጋች ተቀበለ። ቸኩላችሁ ብታልፉት አልወቅሳችሁም። ሁለት ቦታ ላይ ግን ቀስ በሉ።

አንዱ ምዕራፍ 9 ነው። በ778 ጦሩ ከእስፓኝ ሲመለስ የፒሬኔ ተራሮች መተላለፊያ ላይ ባስኮች አድብተው የኋላውን ጦር ይጨርሱታል። ከሞቱት መካከል አንድ ሮላን የሚባል የብሪታኒ ድንበር ሹም ስሙ ይጠቀሳል። ያች አንድ መስመር ናት ፈረንሳዮች ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ረጅም የጀግንነት ግጥም ያወጡላት።

ሁለተኛው ከሳክሶኖች፣ ማለትም ከሰሜን ጀርመን ሕዝብ ጋር የተደረገው ጦርነት ነው። 33 ዓመት ፈጀ ይላል። ጥፋቱ የእነሱ ነው፣ ቃል አይጠብቁም፣ ጣዖት አምላኪዎች ናቸው ይላል። በኤልብ ወንዝ ዳርና ዳር ይኖሩ ከነበሩት 10,000 ሰዎች ከነሚስትና ልጆቻቸው ተነቅለው ሌላ አገር እንደተበተኑም ይነግራችኋል፣ እንደ ጥሩ አስተዳደር አድርጎ። በ782 ቨርደን ላይ ስለሆነው ግን ትንፍሽ አይልም። የራሳቸው የፍራንኮቹ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል በአንድ ቀን 4,500 ሳክሶኖች አንገታቸው ተቀላ ይላል። አይንሃርድ ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። ያንን ዜና መዋዕል ሲጠቀምበት በግልጽ ይታያል። ዘለለው።

ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው አይዋሽም ለማለት ይከብዳል፣ ይዋሻል ለማለትም ይከብዳል። ያልፋል። የሚያልፈውን ነገር ካላወቃችሁ መጽሐፉ አንድ ደግ፣ ታጋሽ፣ ጥብስ የሚወድ ሽማግሌ አሳይቷችሁ ይሸኛችኋል።

ለምሳሌ የመጀመሪያው ምዕራፍ። ከሻርለማኝ ቤተሰብ በፊት የነበሩት የሜሮቪንጂያን ነገሥታት ስም ብቻ ቀርቷቸው፣ ጸጉራቸውን አንዠርግገው ጺማቸውን አሳድገው ዙፋን ላይ ይቀመጡ ነበር፣ የሚናገሩትም የተነገራቸውን ብቻ ነበር፣ ወደ ጉባኤ ሲሄዱም በሬ በሚጎትተውና የገጠር ሰው በሚነዳው ጋሪ ነበር ይላል። በጣም ያስቃል። ግን ይህን የሚነግራችሁ የእነሱን ዙፋን በ751 የነጠቀው ሰው የልጁ የሻርለማኝ ሹመኛ ነው! ያወረድነው ንጉሥ ቀድሞውኑ ንጉሥ አልነበረም ማለት የቆየ ዘዴ ነው፣ እኛም አገር የወረደ ሁሉ እንዴት እንደሚወራለት እናውቃለን።

ወይም የልጆቹ ጉዳይ። ሻርለማኝ ሴት ልጆቹን በጣም ይወድ ነበር፣ ቆንጆዎችም ነበሩ፣ ግን አንዷንም ለማንም አልዳረም። ያለ እነሱ መኖር አልችልም እያለ እስኪሞት ቤቱ አስቀመጣቸው። ከዚያ አይንሃርድ በጣም ጠንቃቃ የሆነች ዓረፍተ ነገር ያስገባል፦ በዚህ ምክንያት ክፉ ዕጣ ደረሰበት፣ እሱ ግን ስለ እነሱ ምንም ሐሜት እንዳልተወራ ሆኖ ዝም አለ። በቃ፣ አለፈ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ልጅቷ በርታ ከቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ከአንጊልበርት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለች። አንደኛው ኒትሃርድ ኋላ እሱ ራሱ የታሪክ ጸሐፊ ሆኖ አባቴና እናቴ እነዚህ ናቸው ብሎ ጽፏል። ሉዊ ሲነግሥ የመጀመሪያ ሥራው እህቶቹን ከቤተ መንግሥት ማስወጣት ነበር። አይንሃርድ ይህን ሁሉ በአንድ «ዝም አለ» ነው የሸፈነው፣ በነገራችን ላይ በጥሩ ሁኔታ ነው የሸፈነው፣ የሚያውቅ አንባቢ ይገባዋል፣ የማያውቅም አይሰናከልም።

ከዚያ ፒፒን አለ፣ ከቁባት የተወለደው፣ ፊቱ ቆንጆ ጀርባው ጎባጣ። ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቶ ከመኳንንቱ ጋር በአባቱ ላይ አሴረ፣ ተያዘ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ ገዳም ገባ። ለምን አሴረ? አይንሃርድ እንደሚለው ንግሥት ፋስትራዳ ጨካኝ ስለነበረች ነው። ንጉሡ በእሷ ምክንያት ከተፈጥሮ ደግነቱ ወጣ። ምስኪን ፋስትራዳ። ሞታለች፣ መልስ አትሰጥ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ መጽሐፉ የተሰፋው በሌላ ልብስ ልክ ነው። አይንሃርድ የሮማውያንን ቄሣሮች ሕይወት የጻፈውን ስዊቶንየስን አንብቦ የእሱን መንገድ ነው የተከተለው፣ በተለይ የአውግስጦስን ታሪክ። አንዳንዴ ቃል በቃል ይወስዳል። ያ ያማረ ሽበት የቀላውዴዎስ ነው፣ ወጣ ያለው ሆድ የኔሮን ነው። ታዲያ የቱ ነው የእውነት ሻርለማኝ? ለእኔ ይህ መጽሐፉን አያበላሸውም። መቶ ቄሣራዊ አገላለጽ ፊቱ ቢኖርም የሚስማማውን መርጦ ነው የወሰደው፣ ንጉሡን ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ቀጭን ሰውዬ ላይ ሆድ መለጠፍ አይቻልም። ቁመቱማ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፣ አኽን ካቴድራል ያለውን አጥንት ያጠኑ ሰዎች 1.84 ሜትር ገደማ ነበር ብለዋል፣ ለዘመኑ ግንብ ነው።

ዝሆኑን ፈልጋችሁ የምትገዙ ካላችሁ ትንሽ ታዝናላችሁ። የባግዳዱ ኸሊፋ ሃሩን አል ራሺድ ለሻርለማኝ ዝሆን መላኩ እውነት ነው። አይንሃርድ ግን የነበረውን አንዱን ዝሆን ላከለት ብሎ በግማሽ መስመር ይዘጋዋል። ስሙ አቡል አባስ እንደነበር፣ በ802 አኽን እንደደረሰ፣ በ810 እንደሞተ የምናውቀው ከዜና መዋዕሉ ነው። አይንሃርድ ስለ ዝሆን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሊሰጠን ይገባ ነበር፣ ይህን ይቅር አልለውም።

የዘውዱ ነገርም እንዲሁ። በ800፣ በፈረንጆች የገና ቀን፣ ጳጳስ ሊዮ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ዘውድ ጫነለት። አይንሃርድ ንጉሡ ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ በዓል ቢሆንም እንኳ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አልገባም ነበር ማለቱን ይነግረናል። የታሪክ ሊቃውንት ለዘመናት በዚህች ዓረፍተ ነገር ሲነታረኩ ኖረዋል። እኔ አላምነውም። ያን የሚያህል ድግስ ያለ ባለቤቱ ዕውቀት አይደገስም።

ስለ እትሞች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚበሳጨው እዚህ ነው። መጽሐፉ የቅጂ መብት የሌለበት ስለሆነ ማንም አሮጌ ትርጉም አንስቶ እያተመ ይሸጠዋል። መጀመሪያ የገዛሁት እንዲህ ያለ ነበር፣ አሳታሚውን አልጠራም። መግቢያ የለው፣ የግርጌ ማስታወሻ የለው፣ ካርታ የለው፣ የሰው ስም በየገጹ በተለያየ ፊደል ተጽፏል፣ የምዕራፍ ቁጥሮቹ ሁለት ቦታ ላይ ተዘልለዋል። ማስታወሻ ከሌለው ቨርደን እንደተዘለለ በምን ታውቃላችሁ? ሆዱ የኔሮን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ስለዚህ ጥቂት ጨምራችሁ ማስታወሻ ያለውን ግዙ። በነፃ የሚሰሙ የድምፅ ንባቦችም ኢንተርኔት ላይ አሉ፣ ለመኪና መንገድ ይበቃሉ፣ ምዕራፍ 33 ሲደርስ ግን ዝጉት፣ እሱ የንጉሡ ኑዛዜ ነው፣ ሀብቱን ለ21 የሜትሮፖሊታን (የሊቀ ጳጳስ መቀመጫ) ከተሞች ሲያካፍልና የምስክር ስም ሲደረደር ነው የሚያልቀው። ኑዛዜው ውስጥ የዓለም ካርታ የተቀረጸበት የብር ጠረጴዛ አለ፣ ለእሷ ስትሉ ማንበቡ ግን አይከፋም።

ጥሩ የሚባሉት እትሞች ብዙ ጊዜ ከአይንሃርድ ጋር የኖትከርን አብረው ያትማሉ። ኖትከር የቅዱስ ጋለን ገዳም መነኩሴ ነው፣ ሻርለማኝ ከሞተ 70 ዓመት ገደማ ቆይቶ የጻፈ። ተረት ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ስግብግብ ጳጳሳት ሲዋረዱ የሚያስቅ ነው። እውነት ፈልጋችሁ አትክፈቱት፣ ዝም ብላችሁ ተዝናኑበት።

ከተቻለ ግን የአይንሃርድን ሌሎች ጽሑፎች ያካተተ እትም ፈልጉ። ሰውየው ራሱ የሚገለጠው እዚያ ነው። በ827 ጸሐፊውን ሮም ልኮ የማርሴሊኖስንና የጴጥሮስን (ሐዋርያው አይደለም) የሰማዕታት ዐፅም በሌሊት ከመቃብር አስወጥቶ ወደ ጀርመን አስመጥቷል። በግልጽ ቋንቋ ስርቆት ነው፣ እሱም ሁሉን አንድ በአንድ ጽፎታል፣ ሳያፍር። ይባስ ብሎ መንገድ ላይ የሌላ ገዳም አለቃ ሰው ከተሰረቀው ላይ ሰረቀ፣ አይንሃርድም ተበድያለሁ ብሎ ተከራክሮ አስመለሰ። ከሰነድ ይልቅ ኮሜዲ ይመስላል። ዐፅሙ ዛሬም ዜሊገንሽታት ባለው ባዚሊካ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው አይንሃርድ ነው። ፍራንክፈርት አካባቢ የምትኖሩ ሐበሾች ሩቅ አይደለም፣ ማይን ወንዝ ዳር ነው፣ ሄዳችሁ እዩት፣ እኔ ሄጃለሁ። ከውጭ ብዙው ኋላ የተሠራ ነው፣ ውስጥ ገብታችሁ የመካከለኛውን ክፍል ምሰሶዎች እዩ፣ የእሱ ዘመን እነሱ ናቸው። ብዙም ሳይነካካ የቀረ የእሱን ሥራ ለማየት ከሆነ ሚኸልሽታት አጠገብ ሽታይንባኽ ያለው ትንሹ ባዚሊካ ይሻላል።

ደብዳቤዎቹም አሉ። ሚስቱ ኢማ በ836 ገደማ ስትሞት ሉፑስ ለሚባል ወጣት መነኩሴ የጻፈው አለ። ሉፑስ አጽናኝ ደብዳቤ ልኮለት ነበር፣ አይንሃርድ አልተጽናናሁም ብሎ መለሰ። በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ሥራ፣ ቤቱንና ቤተሰቡን ሲያስተዳድር ያጣት መሆኑ እንደሚሰማው ይናገራል። ቁስሉ ሊሽር ሲል የሰዎች ማጽናኛ እንደገና ይከፍተዋል ይላል። ስለ ንጉሡ ያን ያህል ተጠንቅቆ የጻፈ ሰው ስለ ራሱ ሲሆን ምንም አይሸፍንም።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለቨርደን ነው፣ ለዝሆኑም ግማሽ ልቀንስ ነበር። ተማሪ ላላችሁበት ቤት ጥሩ ስጦታ ነው፣ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ጀርመንኛ ለምትማሩ ደግሞ ላቲንና ጀርመንኛውን ፊት ለፊት ያሳተሙ ትንንሽ እትሞች አሉ። ስለ ኢማ የጻፈው ደብዳቤ ግን በአብዛኞቹ ውስጥ የለም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማውጫውን እዩ።